የመድኃኒቱ ቁጥር

የምሠራው በቀበሌው መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ሰዓት እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አባቴ ሲሞት የተወልኝን የእጅ ሰዓት ፈታሁትና መግጠም አቃተኝ፤ ስፈታና ስገጥም ከርሜ በመጨረሻ ሲሠራልኝ ሙያውም አብሮ ገባኝ። አንድ ካቻቢቴ፣ ሁለት ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽር፣ በሽቶ ጠርሙስ የምይዘው ቤንዚንም አለኝ። ሆሳዕና ዝናብ ይበዛባታል፤ ለሰዓት ሥራ ደግሞ ብርሃንም የማያፈስ ጣሪያም ያስፈልጋል። ከተማው መሀል ሁለቱንም አሟልቶ ያገኘሁት በረንዳ ይህ ነበር። ከፋርማሲስቷ ጋር ያስተዋወቀንም ሌላ ነገር አይደለም።

ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። መጀመሪያ ላይ ነርስ እንዳልሆነች፣ የተማረችው የመድኃኒት ሙያ እንደሆነ ታስረዳ ነበር አሉ። እኔ ስመጣ ማስረዳቱን ትታው ነበር። አባቷ ከሰሜን ለሥራ መጥተው ዱራሜ ላይ ወልደዋታል፤ ልጅ ሳለች ቤተሰቡ አዲስ አበባ ገባ፤ ስትመረቅ ደግሞ መንግሥት መድቦ እዚሁ አገር መለሳት። አባቷ ሞተዋል። እናቷ አዲስ አበባ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ነው። ዝውውር ጠይቃ ተፈቅዶላት ነበር፤ የቀረው የቀበሌው ሊቀ መንበር መልቀቂያ ላይ የሚያኖረው ፊርማ ብቻ ነው። መጻሕፍቷንና ሳህኖቿን በካርቶን አድርጋ፣ በሲባጎ አስራ፣ ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጣዋለች። ወለሉን ስትጠርግ ካርቶኑን ታነሣውና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ራሴን ከኋላ በኩል ይወጋኝ ነበር። አንድ ቀን የሴት ሰዓት ፈትቼ፣ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቡሎን በማጉያው ስመለከት ሁለት ሆነችብኝ። የትኛዋ እውነተኛ እንደሆነች በወረንጦ ስነካካ አፍንጫዬ መድማት ጀመረ። ፋርማሲስቷ አይታኝ ወደ ውስጥ ጠራችኝና ከመጋረጃው ጀርባ፣ የደም ግፊት ከምትለካበት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

የዚያ ወንበር ደንብ ቀላል ነው፤ ግን አይጣስም። ጀርባ ይደገፋል፤ ሁለቱም እግሮች ወለል ይነካሉ፤ ክንድ ጠረጴዛው ላይ በልብ ትይዩ ይዘረጋል። ከዚያ ዝም ይባላል። እሷ ትለካና ቁጥሩን በልቧ ትይዘዋለች፤ እንደገና ዝም ይባላል፤ እንደገና ትለካለች። የምታምነው ሁለተኛውን ነው። «የመጀመሪያው ቁጥር የፍርሃት ነው» ትላለች። ደግሞም የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሳይወጣ አትጀምርም። አውቶቡሱ የሚቆመው ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሾፌሩ ተሳፋሪ ለመሰብሰብ ጡሩምባውን ሲነፋው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ጡሩምባው ርቆ እስኪጠፋ ትጠብቅና ነው የመለኪያውን ጨርቅ ክንድ ላይ የምትጠመጥመው።

በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቁጥር አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። በማግሥቱ ራሷ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሽንቴን አስመረመረ፤ የአባቴን አሟሟት ጠየቀኝ። አባቴ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ጠመኔ እንደያዘ ከሰሌዳው ፊት ወደቀ፤ ቀኝ ጎኑ ከድቶት፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ አንድ ክረምት ከርሞ ሞተ። ሐኪሙ ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ አልጠየቀም። ጤና ጣቢያው ሰልፍ የሚያዘው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ሁለቱ ተስማምተው ክትትሉ ወደ እሷ ዞረ፤ እሱ ያዛል፣ እሷ በየዓርቡ ትለካለች፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ መልእክት ትልክለታለች፤ እሱ መጠኑን ይለውጣል። ከአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ሳይቀር በዚህ መንገድ የምትከታተላቸው ሰዎች ነበሯት። ለሁሉም የምትናገረው አንድ ነው። ጨው ቀንሱ። ደህና ነኝ ብላችሁ አትተዉ። ክኒናችሁን ለሰው አትስጡ። በተለይ የመጨረሻው ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነው፤ ጎረቤት ራሴን አመመኝ እያለ ክኒን ኪስ ውስጥ ይዞ ዝም ማለት ስስት ነው።

እናቴ ጨው የሌለው ምግብ ለብቻ ታዘጋጅልኝ ጀመር። ጎረቤቶቻችን ጎመኔን ቀምሰው ይስቁ ነበር። እሷ አትስቅም፤ አባቴን ያጠበችው እሷ ናት።

ዓርብ ዓርብ ከእኔ በፊት የሚለካው ሊቀ መንበሩ ነበር። ስብሰባ ላይ ንግግር እያደረገ አዙሮት ከመድረኩ በሰው ድጋፍ ከወረደ ወዲህ እሱም የእሷ ሕመምተኛ ሆኗል። ወፍራም፣ ተናጋሪ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ቀልዱን ግን ማንም በቀልድ አይመልስለትም። በከተማው እሱን ዝም የሚያሰኘው ያ ወንበር ብቻ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ዝምታውን ከመጋረጃው ጀርባ እሰማዋለሁ፤ አተነፋፈሱ ይሰማል እንጂ ሌላ የለም። ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። ሲወጣ ጠረጴዛዬ ላይ በጣቱ መታ መታ ያደርግና፣ «ድኛለሁ እኮ» ይለኛል። ለእሷም እንዲህ ብሏት ነበር፤ «እኔን ካዳንሽ እዚህ ምን ሥራ አለሽ? እፈርምልሻለሁ። እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ።» በኋላ ዓርብ ዓርብ መምጣቱን ተወ። የዳነ ሰው ምን ሊያደርግ ይመጣል።

ስሜ በድምፅ ማጉያ የተነበበው በዚያው ሰሞን ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ተጠርተው በአዳራሹ የጤና ምርመራ እንደሚደረግላቸው ተነገረ። ታላቅ ወንድሜ በፊተኛው ምልመላ ወደ ሰሜን ሄዷል። ከሄደ በኋላ ወሬው አልመጣም፤ መሞቱንም መኖሩንም የነገረን የለም። ወደ ዱራሜም ሆነ ወደ ቦኖሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ አውቶቡስ ላይ ያለ ይለፍ ወረቀት አይወጣም። እኔ ደግሞ መሸሽ ብችል እንኳ ወዴት እሸሻለሁ? ክኒኔ ያለው እዚህ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። በሽተኛ አይወስዱም። እኔ በሽተኛ ነኝ። ግን ክኒኑን ስለምውጥ በሽታዬ አይታይም። እንግዲህ ክኒኑን መተው ነው አለች። ለወራት የከለከለችኝን ጨውም ይዛ መጣች። ለተከበረ እንግዳ፣ ለበዓል የሚሠራውን አተካና፣ ቡላው በቅቤና በወተት የታሸውን፣ ጨው ነስንሳበት አቀረበችልኝ። ደሜ እንዲበዛ ቅቤው መብዛት አለበት ትላለች። እንደ አራስ እየቀለበች፣ እስክጨርስ ፊቴ ትቀመጣለች። እምቢ ማለት አይቻልም። በልቼ እወጣለሁ፤ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ላይ ስደርስ ክኒኔን እውጣለሁ። ቅቤውና ክኒኑ ሆዴ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ።

ለፋርማሲስቷ የነገርኳት እኔ አይደለሁም። እናቴ ራሷ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከባንኮኒው ፊት ቆመችና፣ በገበያ አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ ለልጇ ክኒን እንዳትሰጠው ለመነቻት። ፋርማሲስቷ በድንገት መተው ጭራሽ ካለመጀመር እንደሚብስ፣ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ብቻ ሳይሆን ከዚያም አልፎ ሊወጣ እንደሚችል አስረዳቻት። እናቴ ሰማቻት። ፋርማሲስቷ በመጨረሻ፣ «አባቱ እንዴት እንደሞተ እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች እናቴ። «እዚህ ከሞተ እቀብረዋለሁ።»

ፋርማሲስቷ የያዘችውን ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እናቴ ወጥታ ስትሄድ ወደ እኔ ዞረችና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኔን እፊቷ እንደምውጥ ነገረችኝ።

እውነትም እፊቷ ዋጥኩ። ጠዋት ጠዋት ውኃ በብርጭቆ ትሰጠኛለች፤ ስውጥ ታያለች። የማታውን ሱቁን ከመዝጋቷ በፊት። አንድ ቀን፣ «አፍህን ክፈት» አለችኝ፤ ከፈትኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት የጨረሰ፣ በሙያው የሚያድር ወጣት በጠራራ ፀሐይ በረንዳ ላይ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ባለ ጋሪዎቹ ያዩና ይስቃሉ። «ሲስተር፣ ጥርሱንም ቁጠሪው» አለ አንዱ፤ «በቅሎ የሚገዛው በጥርሱ ነው።» ሥራዬ ላይ ስቀመጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር። እናቴ ታምሜ እንድቀር ትፈልጋለች፤ ይህች ሴት ደግሞ ጤነኛ አድርጋ ለጦር ሜዳ እያዘጋጀችኝ ነው። በመካከላቸው ያለሁት እኔ የምፈልገውን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም መልሱን አላውቀውም ነበር። ሰዓት ሲበላሽ አንዱ ጥርስ ከሌላው ጋር ተቆላልፎ ይቆማል፤ ሞላውን አብዝተህ ብትሞላው ይብሳል እንጂ አይሄድም። እንደዚያ ነበርኩ።

የምርመራው ቀን አዳራሹ በወጣት ተሞላ። ሸሚዛችንን አውልቀን በግድግዳው ጥግ ተሰልፈን ቆመናል፤ ብርድ ነው። ከመድረኩ በላይ የሦስቱ ጢማሞች ሥዕል ተሰቅሏል። ከሥዕሉ በታች ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ተቀምጠዋል፤ ከጤና ጣቢያ የመጣው ጤና ረዳት ዓይንና ጆሮ ያያል፣ ብሽሽት ይዳስሳል። የጤና ረዳቱ የደም ግፊት መለኪያ ላስቲኩ ስለተቀደደ የፋርማሲስቷን መሣሪያ ከነባለቤቱ አስጠርተውታል። እሷ አንድ ወንበር ግድግዳ አስደግፋ፣ ጠረጴዛውን አስተካክላ፣ እያንዳንዱን አስቀምጣ ትለካለች። ቁጥሩ ደህና የሆነ አንዴ ተለክቶ ይነሣል። ከፍ ያለበት ይቆይና ይደገማል። ሊቀ መንበሩ እስከ ማታ ልታስቀምጪን ነው ወይ እያለ ያጉረመርማል።

ተራዬ ደረሰ። ተቀመጥኩ። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠመጠመች። ጠዋት ክኒኔን ስውጥ አይታኛለች፤ አሁን ግን የማታውቀኝ ትመስላለች። ነፋችው። ሜርኩሪው ወደ ላይ ወጣ፤ ቀስ እያለ ወረደ። ቁጥሩን ለጸሐፊው ተናገረች። ከፍ ያለ ነበር፤ በጣም ከፍ ያለ። በክፉ ወሬ እንዲያ ተደስቼ አላውቅም። ጸሐፊው ጽፎ አንገቱን ቀና አደረገና ቀጣዩን ሊጠራ ነው።

«ቆይ» አለ ሊቀ መንበሩ። «ሁለተኛውስ? እኔን ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የምትለኪኝ። የመጀመሪያው የፍርሃት ነው አላልሽም? ለሰዓት ሠሪ ሲሆን ደንቡ ተሻረ?»

ሰው ሳቀ።

«አልተሻረም» አለች። «እየጠበቅሁ ነው።»

ጨርቁ አሁንም ክንዴ ላይ ነበር።

ያን ዝምታ አልረሳውም። ለመፍራት ሞከርኩ። ወንድሜን አሰብኩ። የአባቴን የተጣመመ አፍ አሰብኩ። ደሜ እንዲፈላ የማውቀውን አስፈሪ ነገር ሁሉ ጠራሁ። ሰውነቴ ግን ያን አቀማመጥ ለምዶታል። ጀርባዬ ሲደገፍ፣ እግሮቼ ወለሉን ሲነኩ፣ ክንዴ በልቤ ትይዩ ሲዘረጋ፣ ሳላዘው በየዓርቡ የሚያደርገውን አደረገ። ትንፋሼ ረዘመ። ልቤ ረጋች። አስፈሪው ነገር ሁሉ ከራሴ ውስጥ አልወጣም፤ ወደ ክንዴ የወረደ ግን የለም። የገዛ ሰውነቴ አሳልፎ ሰጠኝ።

ለካች። ቁጥሩን ተናገረች። ደህና ቁጥር ነበር።

«ጤነኛ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጻፍ። ቀጥል።»

ተነሥቼ ሸሚዜን አነሣሁ። ፋርማሲስቷ የማዳመጫውን ጫፎች ከጆሮዋ አውጥታ አንገቷ ላይ አደረገች። ቀጣዩን ልጅ አልጠራችም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቁጥሩ እውነት ነው» አለች። «የእሱ ግን አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ? የእናቱ?»

«የመድኃኒቱ ነው። ጠዋት ይውጣል፣ ማታ ይውጣል። ሲውጥም አየዋለሁ። በተቋረጠበት ሳምንት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሄደበት ቦታ የሚሰጠው ካለ ጤነኛ ይበሉት።»

«ድኗል እያልሽ እያወረድሽው ቆይተሽ…»

«ድኗል አላልኩም። ለማንም ብዬ አላውቅም።»

ሊቀ መንበሩ የሚቀልድ መስሎ አፉን ከፈተ፤ ቀልዱ አልመጣም። እርሳሱን አገላበጠ። ከዚያ ከመድረኩ ወረደና፣ እኔ ከተነሣሁበት ወንበር አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። እኔ ሸሚዜን እየቆለፍኩ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«የእኔም?»

«የእርስዎም።»

«እኔ ከተውኩት ቆይቷል። ቀሪውን ቦኖሻ ላለው አማቼ ሰጠሁት። ራሱን ያመው ነበር።»

በእጇ ወንበሩን አሳየችው። ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሳይነገረው ጀርባውን ደገፈ፤ እግሮቹን ወለሉ ላይ አስተካከለ። ነፋችው፤ አዳመጠች። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ሸሚዙን ያወለቀው፣ ጸሐፊው፣ በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ሳይቀር ዝም አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ለካች። ቁጥሩን ጎንበስ ብላ ለብቻው ነገረችው። የነገረችውን አልሰማሁም፤ ፊቱን ግን አየሁ። ኮቱን ሲለብስ አንዱን እጅጌ አጣው፤ ጤና ረዳቱ ያዘለት።

ጸሐፊው፣ «ስለ ልጁ ምን ልጻፍ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለጊዜው ይቆይ» አለ፤ አላየኝም።

እናቴ በማግሥቱ ቡላ ጠቅልላ ለፋርማሲስቷ ይዛላት መጣች። ጉልበቷን ልትስም ስትጎነበስ ፋርማሲስቷ ያዘቻትና፣ ጨውን ብቻ እንድታስቀርልኝ ለመነቻት። እናቴ የምታውቀው ልጇ መቅረቱን ነው። ስለ መልቀቂያው አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ያበቃለት ዓይኔ እያየ ነው። የቀበሌው ቢሮ የግድግዳ ሰዓት ቆሞ እንድጠግነው ተጠርቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ፔንዱለሙን እያስተካከልኩ ሳለ እሷ ገባች። ሊቀ መንበሩ መልቀቂያውን ከመሳቢያው አውጥቶ አየው። ክኒኑን እንደገና ከጀመረ ጥቂት ቀናት ሆኖታል፤ ፊቱ ገርጥቷል፤ ድምፁ ከወትሮው ለስላሳ ነው።

«አንቺ ብትሄጂ» አለ፣ «እኔን ማን ይለካኛል?»

«ሌላ ሰው ይመደባል።»

«እስኪመደብ ድረስ» አለና ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰው። የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ በአክብሮት ነው። ቢቆጣ ኖሮ ምናልባት መከራከር ይቻል ነበር። እሷ አመሰገነችና ወጣች። እኔ ፔንዱለሙን ይዤ ቀረሁ፤ መልቀቅ ነበረብኝ፣ ሰዓቱ እንዲሄድ።

አዳራሹ ውስጥ ዝም ብትል ኖሮ እኔ እሄድ ነበር፤ ሊቀ መንበሩም ራሱን እንደዳነ ይቆጥር ነበር፤ እሷም ፊርማውን አግኝታ እናቷ ጋ ትገባ ነበር። ይህን ሳታውቅ የተናገረች አይመስለኝም። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንሆን፣ «ሲስተር፣ ያን ዕለት ዝም ቢሉ ኖሮ…» አልኳት። ዓረፍተ ነገሩን አላስጨረሰችኝም። «ዝም የምለው ስለካ ነው» አለችና ውኃውን ሰጠችኝ። ዋጥኩ።

«ለጊዜው» የተባለው ጊዜ አሁንም አላለቀም። ሌላ ምልመላ ሲመጣ ስሜ እንደገና ሊነበብ ይችላል፤ ያን ጊዜም ያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሊቀ መንበሩ ዓርብ አይቀርም፤ ሌላ ሰው አልተመደበም፤ እንዲመደብ የጠየቀም ያለ አይመስለኝም። የቦኖሻው አማቹም ተጠርቶ መጥቶ ተለክቷል፤ እሱም ግፊት ያለበት ሆኖ ተገኝቶ ከዓርቡ ሰልፍ ገብቷል። ካርቶኑ ከመደርደሪያው ሥር ነው። ሲባጎው ስለላላ በቅርቡ እንደገና አጥብቃ አሰረችው።

ዛሬ ዓርብ ነበር። ሊቀ መንበሩ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ተራዬን ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠናል። ጨርቁ እጇ ላይ ነው። ፊት ለፊት ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋው፤ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ሲወረወር፣ ረዳቱ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ እያለ ሲጣራ ይሰማል። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እሷ ጨርቁን እንደያዘች መስኮቱን ሳትመለከት ቆመች። ጡሩምባው ከቁልቁለቱ በታች አንዴ ተሰማ፤ ከዚያ በጣም ርቆ አንዴ። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ጀመረች።